ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለችው ጽጌረዳ

ሙሄዲን ተቆጣ ሲባል መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

«የትኛው ሙሄዲን? አትክልተኛው? በል እባክህ ሌላ ወሬ አምጣ!»

ቢስቁም አይፈረድባቸውም። ሙሄዲን በዚያ ግቢ ስምንት ዓመት ሲሠራ ከአፉ «እሺ» ከምትል ቃል በቀር ብዙ የወጣ ነገር አልነበረም። ሣሩን እጨድ ሲሉት እሺ፤ ወንበር ከአዳራሽ አውጣ ሲሉት እሺ፤ የአለቃ መኪና እጠብ ሲሉት፣ ሥራው ባይሆንም፣ እሺ። የሻይ ክበቧ ዘይቱና፣ «ይኼ ልጅ መለከል መውት ነፍሱን ሊወስድ ቢመጣበት እንኳ፣ እሺ፣ ቆይ ጫማዬን ላጥልቅ ነው የሚለው» እያለች ታስቅበት ነበር። እሱም ፈገግ ይልና መኮትኮቻውን ይዞ ይሄዳል።

ቁጣው የጀመረው ግንቦት 13 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ያስጀመረውም ጥቁር መነጽር ያደረገ አንድ ሰው ነው።

ግቢው ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ቁልቁል የሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ከበሩ እስከ አዳራሹ ደረጃ ድረስ በቧንቧ ብረት የተሠራ ዳስ አለ፤ በዳሱ ላይ አንድ ትልቅ ወይን ተጋድሞበታል። ወይኑን በደርግ ጊዜ የተከሉት ጋሽ ብሩ የሚባሉት የቀድሞው አትክልተኛ ናቸው። የደሴ ብርድ ፍሬውን አጣፍጦት አያውቅም፤ ወፍ እንኳ አንዴ ቀምሳ ሁለተኛ አትመለስም። የዚያ ወይን ፍሬው ጥላው ነበር። ከየገጠሩ የመጣ ባለጉዳይ፣ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ «ነገ ና» የተባለው ሁሉ፣ በዚያ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው ነገን የሚጠብቀው። በሰማንያ ሦስቱ ግርግር የቢሮው ወንበርና መስኮት ሁሉ ተነቅሎ ሲወሰድ ወይኑን የነካው አልነበረም። ጋሽ ብሩ ጡረታ ሲወጡ የመግረዣ መቀሳቸውን ለሙሄዲን ሰጥተው፣ «ቢሮውን ለአለቆቹ ትቻለሁ፤ ወይኑን ግን ለአንተ ነው የተውኩት» ብለውት ነበር።

ያ ወይን ታሟል። ለጋው ቅጠል ገና ሲወጣ እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ ነው፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ በቢጫው ላይ እንደ መረብ ይታያል። ሰንበት ሲል ዳር ዳሩ ይቃጠልና ይረግፋል። ከወይኑ ሥር የተደረደሩት ጽጌረዳዎችም እንደዚያው ናቸው። ሙሄዲን የሚያውቀውን ሁሉ ሞክሯል። ውሃ ጨመረ፤ ባሰበት። ውሃ ቀነሰ፤ አልተሻለውም። ፍግ አለበሰው። እናቱ ገራዶ ላይ ለጎመን እንደምታደርገው የምድጃ አመድ ነሰነሰለት፤ ያን ጊዜማ ጭራሽ ጫፍ ጫፉ ነጣ።

ሐሙስ ዕለት የአስተዳደር ኃላፊው አቶ አብርሃም አንድ ባለሙያ አስመጡ። አብይ ይባላል፤ ገና ወጣት ነው። ከመኪናው ወርዶ ከዳሱ ፊት ለፊት አራት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። መነጽሩን አላወለቀም። ቅጠል አልነካም። አጎንብሶ አፈር አላየም።

«ከውጭ የገባ ተክል አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሙሄዲን ዋሽቶ አያውቅም። «አለ። ከገራዶ አንዲት የጽጌረዳ ቁራጭ አምጥቼ ተክያለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው።»

«ወይኑስ ቢጫ መሆን የጀመረው መቼ ነው?»

«እሱም… ወደ ሁለት ዓመት።»

ባለሙያው የእስክሪብቶውን ጫፍ ቀጭ አደረገና አቶ አብርሃምን አየ። አቶ አብርሃም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሄዲን «ግን ጽጌረዳዋ ያለችው…» ብሎ ሲጀምር ሁለቱ ወደ ሻይ ክበቡ መንገድ ጀምረው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከጁምዓ ሲመለስ፣ ደብዳቤ እጁ ላይ ተሰጠው። ሙሄዲን የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ደህና አድርጎ ያነባል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ወይኑ ተላላፊ በሆነ የቫይረስ በሽታ ተይዟል። በሽታው የገባው አትክልተኛው ያለ ፈቃድ ከገራዶ ባመጣው የጽጌረዳ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ወይኑና በዙሪያው ያሉት ጽጌረዳዎች ማክሰኞ ይነቀሉ፣ ይቃጠሉም። አትክልተኛውም ሰኞ በሚደረገው ግምገማ ላይ ግለ ሂስ ያድርግ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይነቀሉ» የሚለው የተጻፈው «ይነቀለ» ተብሎ ነበር። ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ ከሁሉም ይልቅ ያቺ የፊደል ስህተት ናት ደሙን ያፈላችው። ሃያ አምስት ዓመት የቆመ ነገር ሊነቅሉ ቃሉን እንኳ አስተካክለው አልጻፉትም።

አንድ ቢጫ ቅጠል ቀጥፎ አቶ አብርሃም ቢሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ ያቺ ጽጌረዳ ከወይኑ አጠገብ አይደለችም። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ናት። ደግሞም አልታመመችም፤ ከግቢው ሁሉ…»

«ሙሄዲን፣» አሉ አቶ አብርሃም ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ «አንተ ባለሙያ ነህ?»

«አይ፣ እኔማ…»

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ስድስተኛ።»

«ባለሙያው ዲግሪ አለው። ረቡዕ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፤ የግንቦት ሃያ ዋዜማ ነው። ይኼን የተጎሳቆለ ነገር ደጃፌ ላይ እንዲያዩት አልፈልግም። ሰኞ ቆመህ በቸልተኝነቴ ነው በል፤ እኛም ልጁ ጥፋቱን አምኗል ብለን እናልፈዋለን። ማክሰኞ ንቀለው። ገባህ?»

ሙሄዲን ቅጠሉን እጁ ውስጥ ጨመቀው። ሊል የፈለገው ብዙ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን፣ «እሺ» ነው።

ከቢሮው ወጥቶ ዳሱ ሥር ሲደርስ የቧንቧውን ብረት በጡጫ መታው። ብረቱ ጓ አለ። ጥላው ሥር የተቀመጡ ሁለት ባለጉዳዮች ዘወር ብለው አዩት። ሻይ ስታመላልስ የነበረችው ዘይቱናም አይታዋለች፤ ሙሄዲን ተቆጣ የሚለውን ወሬ በየቢሮው ያዳረሰችው እሷ ናት።

እሑድ ጠዋት ሰኞ ገበያ ሰፈር ከተከራየው ክፍል ወጥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ያዘ። ጋሽ ብሩ ለደረታቸው ሙቀት ይሻላል ተብለው እዚያ ነው የሚኖሩት። ጉልበቱ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለው ነገር ነበር፦ ከጫፍ የተቆረጠ፣ ከመሐል የተቆረጠ፣ ከሥር የተቆረጠ የወይኑ ቅርንጫፍ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እየወረዱ አጠገቡ ያለው ሰው፣ «ጫት ነው?» ብሎ ጨርቁን ሲገልጥበት፣ ሙሄዲን እጁን በኃይል መታው። ከዚያም በራሱ ደንግጦ፣ «አፉ በለኝ፣ ይቅርታ፣ በሽተኛ ነው» አለ። ሰውዬው እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ወደ ሌላኛው ጎን ተጠግቶ ተጓዘ።

ጋሽ ብሩ ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ደብዳቤውን አንብቦላቸው ሳይጨርስ ሳቅ ከሳል ጋር አነቃቸው።

«ከጽጌረዳ ወደ ወይን? የበግ ጉንፋን ዶሮን ይይዛል በለኛ! ይኼን የጻፈው ሰው በሽታ አይቶ ያውቃል? በል ቅጠሉን አምጣ።»

ሦስቱን ቅርንጫፎች በተራ በተራ ጋቢያቸው ላይ ዘረጉ። ቅጠሉን ገለበጡ፤ በአውራ ጣታቸው ጀርባውን አሹ፤ አሸተቱ።

«እየው። ነጭ ዱቄት ቢኖረው ሻጋታ ነው እልህ ነበር፤ የለውም። ቢጣበቅብኝ ተባይ አለው እልህ ነበር፤ አይጣበቅም። የቫይረስ ሲሆን ቅጠሉ እንደ ዝንጉርጉር ጨርቅ እዚህም እዚያም ይለወሳል፣ ይጨማደዳል። ይኼ ጅማቱን ጠብቆ፣ እኩል ነው ቢጫ የሆነው። አሁን ንገረኝ፣ የጀመረው ከላይ ነው ከታች?»

«ከላይ። ከለጋው።»

«የታችኛውስ?»

«የታችኛው እስካሁን አረንጓዴ ነው።»

«ፍግ ቢያጣ ኖሮ ከታች ነው የሚጀምረው። ተክል ሲርበው ከሽማግሌው ቅጠል ወስዶ ለልጁ ይሰጣል። እዚህ የተራበው ልጁ ነው። ምግቡ አፈር ውስጥ አለ፤ ሥሩ ግን ሊያነሳው አልቻለም። አንድ ነገር አፈሩን ዘግቶበታል።» ቀና አሉ። «በግቢው ውስጥ ደህና የሆነ ጽጌረዳ የለም?»

«አለ እንጂ ጋሼ! ያቺ የከሰሷት የገራዶዋ! ከሽንት ቤቱ ጀርባ ናት፤ ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የእጄን መዳፍ የሚያህል አበባ ነው የምታወጣው። ማንም አያያትም እንጂ!»

«ማንም አያያትም» አሉ ጋሽ ብሩ ቀስ ብለው። «እንግዲህ አስብ። ሰው በሚያየው ቦታ የምታደርገው፣ ሰው በማያየው ቦታ የማታደርገው ነገር ምንድን ነው?»

ሙሄዲን ዓይኑ ወደ እጆቹ ወረደ። የጣቶቹ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ነጥቷል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው እንደዚያ የሆነው።

«ኖራ» አለ።

«ምን ኖራ?»

«ለሚሌኒየሙ ግቢው ይዋብ ተባለ። የግቢውን ድንጋይ፣ የዛፉን ግንድ፣ ሁሉን ኖራ ቀቡ አሉ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ በዓል በመጣ ቁጥር… ሰባት ጊዜ ነው፤ ስምንት ጊዜም ይሆናል።»

«የት ነው የምትበጠብጠው?»

«በበርሜል።»

«በርሜሉ የት ነው የሚቆመው ነው የምልህ!»

«ከወይኑ ሥር። አቶ አብርሃም ሲሚንቶው እንዳይቆሽሽ እዚያ አድርገው ብለው።»

«ስትጨርስ የቀረውንስ?»

«እዚያው… እደፋዋለሁ። በርሜሉንም እዚያው ነው የማጥበው።»

ጋሽ ብሩ ቅርንጫፎቹን ከጋቢያቸው ላይ አራግፈው ተነሡ። ሲቆጡ አይቷቸው አያውቅም ነበር።

«አንተ ነህ! እኔ እዚህ ሌላ ሰው ስሰድብ፤ አንተው ነህ የገደልከው! ስምንት ጊዜ ኖራ አጠጣኸው! አንዲት ሴት ልጇን ኖራ ታጠጣለች? ደግሞ አመድ ጨመርኩ ትለኛለህ፤ አመድ የኖራ ወንድም ነው! እዚያ አድርገው ሲልህ ምን አልክ?»

ሙሄዲን መሬት መሬቱን እያየ፣ «እሺ» አለ።

«እሺ! እሺ! ሸክላ ሠሪ እንኳ ጭቃውን ሲያቦካ ይሄ አይሆንም ይላል። አንተ መቀሴን ይዘህ እሺ ትላለህ!»

ሙሄዲን ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣው ቁጣውን የሚጋራው ሰው ፈልጎ ነበር። አሁን ቁጣው ዞሮ እሱኑ ነከሰው። አለቀሰ ማለት አይቻልም፤ ግን በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። ጋሽ ብሩ ይህን ሲያዩ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው የአቸቶ ጠርሙስ፣ በሌላው ከግድግዳ የተፈረከሰ የኖራ ቁራጭ ይዘው ነበር።

«ቁጭ በል። ቁጭ በል አልኩህ። ይኼን አስተውል።»

ኖራው ላይ አቸቶ ጠብ አደረጉ። ነጩ ቁራጭ ሽሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

«ኖራ ያለበት አፈር እንዲህ ነው የሚጮኸው። ንጹሕ አፈር ዝም ይላል። ነገ የወይኑንም የጽጌረዳዋንም አፈር ይዘህ ስብሰባው ላይ አሳያቸው። ከዚያ ያንን ነጭ አፈር ሥሩን ሳትቆርጥ ገላልጠህ አውጣ፤ ከግቢው ጥድ ሥር የበሰበሰ ቅጠል አምጥተህ ሙላበት። ይድናል አልልህም። ክረምቱ ሲያጥበው ያኔ ይታያል። ከተነቀለ ግን የሚታይ ነገር የለም።»

ሙሄዲን ሊሄድ ሲነሣ ጠርሙሱን ሰጡት። «ደሞ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉት። «ግለ ሂስ አድርግ ብለውሃል አይደል? አድርግ። እውነተኛውን አድርግ።»

ሰኞ ጠዋት ግምገማው በአዳራሹ ተከፈተ። አቶ አብርሃም ከመድረኩ ተቀምጠዋል። ባለሙያው አብይም ሪፖርቱን እንዲያነብ ተጠርቶ በቀኛቸው አለ። መጀመሪያ አንዲት ጸሐፊ ቆማ ስለ ማርፈዷ ራሷን ወቀሰች። ከዚያ ሾፌሩ ስለ ነዳጁ ራሱን ወቀሰ። ሁሉም የሚባለውን ያውቀዋል፤ «ድክመቴን አምኜ ለወደፊቱ አስተካክላለሁ» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይጻፋል። ከዚያ ሪፖርቱ ተነበበ። ቫይረስ፣ ገራዶ፣ ቸልተኝነት የሚሉት ቃላት በአዳራሹ ሲያልፉ ሙሄዲን ጥርሱን ነክሶ ሰማ።

«ሙሄዲን» አሉ አቶ አብርሃም። «አጠር አድርገው።»

ተነሣ። በእጁ ሁለት ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ይዟል፤ በሁለቱም አፈር አለ። ኪሱ ውስጥ ጠርሙሱ አለ። ወደ መድረኩ ሲሄድ ከኋላ አንዱ፣ «ምሳ ይዞ መጣ!» አለና ሳቁ ፈነዳ።

«ግለ ሂስ አድርግ ተብያለሁ» አለ። «አደርጋለሁ። ወይኑን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

አቶ አብርሃም ራሳቸውን ነቀነቁና ለቃለ ጉባኤ ያዡ፣ «ይመዝገብ» አሉ።

«አዎ፣ ይመዝገብ» አለ ሙሄዲን። «ግን በገራዶ ጽጌረዳ አይደለም። ይኼ የእሷ አፈር ነው፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያመጣሁት።» ቆርቆሮዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ አቸቶውን በአንደኛው ላይ አፈሰሰ። አፈሩ ጠጣው፤ ምንም አልሆነም። «ይኼ ደግሞ የወይኑ ነው።» በሁለተኛው ላይ አፈሰሰ።

አፈሩ ጮኸ። ሽሽሽ የሚለው ድምፅ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ፤ ነጭ አረፋ ቆርቆሮውን ሞልቶ በአቶ አብርሃም ጠረጴዛ ላይ ተንጠባጠበ። ፊት የተቀመጡት ቆመው አዩ።

«ይኼ ኖራ ነው» አለ ሙሄዲን፤ አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል። «ለሚሌኒየሙ በጥብጥ ተባልኩ፣ እሺ ብዬ ከወይኑ ሥር በጠበጥኩ። ለሰንደቅ ዓላማ ቀን በጥብጥ ተባልኩ፣ እሺ ብዬ በጠበጥኩ። አምና ለግንቦት ሃያ፣ እሺ! ለእያንዳንዱ እንግዳ፣ እሺ! እጄን ሲልጠኝ አውቄ ነበር። እጅ የሚልጥ ነገር ሥርን ምን ያደርገዋል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እንግዳ የሚያየው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ሞተ፤ እንግዳ የማያያት አንዷ ብቻ ናት የዳነችው! እናንተ ደግሞ እሷን ነው በሽተኛ ያላችኋት፤ ሄዳችሁ እንኳ ሳታይዋት! ቸልተኛ ብላችሁ ጻፋችሁኝ። ቸልተኛ አይደለሁም። የእኔ ጥፋት ሌላ ነው። የእኔ ጥፋት እሺ ማለቴ ነው! ይኼንን መዝግቡ!»

መጨረሻዋን ቃል ሲላት ጩኸቱ የራሱ መሆኑን አውቆ ደነገጠ።

ሻይ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ዘይቱና፣ «ሱብሃነላህ! ይኼ ልጅ ለካ አፍ አለው!» አለች።

«ሥነ ሥርዓት!» አቶ አብርሃም ጠረጴዛውን መቱ፤ እጃቸው አረፋው ላይ አረፈና በመሐረብ ጠረጉት። «ይኼ ግለ ሂስ አይደለም፤ ይኼ ክስ ነው! ኖራ የሚቀባው አገር በሙሉ ነው። ባለሙያ በዲግሪ የወሰነውን አንተ በአቸቶ ልታፈርስ ነው?»

ሁሉም ወደ አብይ ዞረ። ወጣቱ ባለሙያ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ተነሥቶ መጣ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ ቆርቆሮውን አንሥቶ አሸተተ። ከዚያ ጠርሙሱን ከሙሄዲን እጅ ወስዶ ራሱ ጥቂት ጨመረበት። ደግሞ ጮኸ።

«ለጋው ነው ቀድሞ ቢጫ የሆነው?» ብሎ ሙሄዲንን በዝግታ ጠየቀው።

«ሐሙስ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

አብይ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ መለሰ። «ሪፖርቱን እንደገና ማየት አለብኝ» አለ ለአቶ አብርሃም። «እስከዚያ ባይነቀል ጥሩ ነው።» ይቅርታ ግን አልጠየቀም። መነጽሩን መልሶ አደረገና ወደ ቦታው ሄደ።

በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፦ ወይኑ እስከ መስከረም ይቆይ፤ አትክልተኛው ግን በስብሰባ ላይ ጨዋነት የጎደለው ንግግር ስላደረገ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። ስለ ኖራው በቃለ ጉባኤው አንድም ቃል አልተጻፈም።

ማክሰኞ ሙሄዲን ገና ፀሐይ ሳትወጣ ጀመረ። ሥሩን እንዳይቆርጥ ዶማውን ትቶ በእጁና በመኮትኮቻው ነው የቆፈረው። አፈሩ እንደ ተፈጨ አጥንት ነጭ ነበር፤ እየተፈረከሰ ይወጣል። ከሥሩ ብዙው ጠቁሯል። አንዳንዱ ግን ሲጫን ጠንካራ ነው፤ በጥፍሩ ሲፍቀው ውስጡ እርጥብ ነው። ይኑር ይሙት አላወቀም። ባወጣው መጠን ንዴቱ ጨመረበት እንጂ አልበረደለትም፤ እያንዳንዷን እፍኝ ሲያወጣ ማን አድርግ እንዳለውና እሱ ምን ብሎ እንደመለሰ ያስታውሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በወይኑ ዙሪያ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ አጠገብ ደግሞ ነጭ ክምር ቆመ።

አቶ አብርሃም ከቢሮ ወጡ። ጉድጓዱን አዩ፤ ክምሩን አዩ። ግንባራቸው ተኮማተረ።

«ይኼ ምንድን ነው ሙሄዲን? ነገ እንግዶቹ በዚህ በኩል ነው የሚገቡት!»

«አፈሩን እየቀየርኩ ነው።»

«ቀይረው፤ አትቀይር አላልኩም። ወሬህንም ሰምተናል። አሁን ግን ጉድጓዱ ያስቀይማል። አፈሩን መልስና ድፈነው፤ ከላይ ሣር አልብሰው። እንግዶቹ ሲሄዱ መልሰህ ትቆፍረዋለህ።»

«የትኛውን አፈር?»

«ይኼንን ነዋ! ሌላ አፈር አለህ እንዴ?» ነጩን ክምር በጫማቸው ጫፍ ነኩት። «ለአንድ ቀን ነው እኮ። ምን ይሆናል?»

ጥላው ሥር የተቀመጡት ባለጉዳዮች ወሬያቸውን አቆሙ። ሙሄዲን ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ አቶ አብርሃምን አየ። ሸሚዙ በነጭ ትቢያ ተሸፍኗል፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጥቷል። ያቺ የለመደችው ቃል እስከ ምላሱ ጫፍ መጣች። ሲያስወጣት ስምንት ዓመት ኖሯል፤ መንገዱን ታውቀዋለች። ዋጣት።

«እምቢ» አለ።

«ምን አልክ?»

«እምቢ አልኩ።»

ከጉድጓዱ ወጣ። ግድግዳው ጥግ የቆመውን የኖራ በርሜል እያንከባለለ አመጣና በክምሩና በጉድጓዱ መካከል ገልብጦ አቆመው። ተቀመጠበት። ዶማውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

አቶ አብርሃም፣ «ማስጠንቀቂያ እንዳለብህ አትርሳ» አሉ። «ሰው ልኬ አስደፍነዋለሁ!» አሉ። ዘበኛውን ጠሩ። ዘበኛው ወደ ዶማውም ወደ ሙሄዲን ፊትም አየና፣ «ጌታዬ፣ የበሩን ቁልፍ ላምጣ» ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ከባለጉዳዮቹ አንዱ ሽማግሌ ብርድ ልብሳቸውን አነሡና ወደ በርሜሉ አጠገብ ተዛውረው ተቀመጡ። ሌላውም ተከተላቸው። አቶ አብርሃም በሩን በኃይል ዘግተው ገቡ።

ዘይቱና ሻይ ይዛ መጣች። ማንም አላዘዛትም።

«ሙሄ፣ ፊትህ ሁሉ ኖራ ሆኗል፤ እንግዶቹ የተቀባህ ግንድ ነህ ብለው እንዳያልፉህ» አለች። ሙሄዲን አልሳቀም። ዓይኑ የቢሮው በር ላይ ነበር። እሷም ሳቋን ተወችና ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ከተተች። «እንደ ወትሮህ ሁለት ስኳር ላድርግልህ?»

«እምቢ» አለ ሙሄዲን፣ ከበሩ ዓይኑን ሳያነሣ። «ሦስት አድርጊው።»